በደሴ ኑሮ ውስጥ ከቤተሰብና ከጎረቤት ሳይነጠሉ የሚያዝ የጤና ልማድ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ የሆጤ ነዋሪ (ደሴ)

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ደሴ ከተማ ሆጤ አካባቢ ከባለቤቴ፣ ከልጆቼና ከእናቴ ጋር የምኖር፣ ዕድሜዬ ከ40 ያለፈ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በቅርቡ ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳለ ደም ግፊቴ ተለክቶ ከላይ 146፣ ከታች 92 ሆኖ ተገኘ። የለካችኝ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ልኬት ብቻ ታማሚ ነህ እንደማይባል አስረድታ ተመልሼ እንድለካ ቀጠረችኝ፤ እስከዚያውም ጨው እንድቀንስ፣ በየቀኑ እንድንቀሳቀስና ክብደቴን እንድቆጣጠር መከረችኝ። አባቴ ያረፈው በስትሮክ ስለሆነ ምክሩን ቀለል አድርጌ አላየሁትም።

የቸገረኝ ምክሩን ከኑሮዬ ጋር ማስማማቱ ነው። ጂም ለመግባት ገንዘቡም ጊዜውም የለኝም። ጠዋት በባጃጅ ወደ መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ እውላለሁ፣ ማታም በባጃጅ እመለሳለሁ። ቤት ውስጥ የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው፤ ለእኔ ብቻ ጨው የሌለው ወጥ ይሠራልኝ ማለት ባለቤቴን ሁለት ድስት ማስጣድ ከመሆኑም በላይ ከማዕዱ የተለየሁ ያህል ይሰማኛል። ቡናውን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዘንድ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ሲጠራ አልመጣም ማለት ነውር ነው፣ ከሲኒው ስኳር፣ ከቡናው ቁርስም ቆሎና ዳቦ አይቀርም። ስለዚህ በእንደዚህ ያለ ዳገታማና ብርዳማ ከተማ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሊይዛቸው የሚችላቸው፣ ለጥቂት ሳምንት ሳይሆን ለዓመታት የሚዘልቁ ልማዶች የትኞቹ ናቸው? ከየትኛውስ ልጀምር?

መልስ፦ ነርስ ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ በጊዜ መታወቁ ትልቅ ነገር ነውና አይጨነቁ፤ ቀጠሮውን ግን እንዳያሳልፉ። ለአዋቂ ሰው ደም ግፊት አለበት የሚባለው በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ አለዚያም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። የእርስዎ ልኬት ድንበሩን ጥቂት ያለፈ በመሆኑ ቀጣዩ ልኬት በትክክል መወሰድ አለበት፤ እኔም ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር የምፈልገው ስለዚሁ ነው።

ጤና ጣቢያው እንደ ደረሱ ወዲያውኑ አይለኩ። ዳገት ወጥቶ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ክንዱን ቢሰጥ ቁጥሩ ከእውነተኛው ከፍ ብሎ ይወጣል። ቢያንስ ለ5 ደቂቃ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ መሬት አስረግጠው በጸጥታ ይቀመጡ። ከልኬቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጡ፣ ሽንትም ካለ ቀድመው ይውጡ። ክንድዎ ከልብዎ ትክክል ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ የሚጠመጠመውም ጨርቅ በባዶ ክንድ ላይ ይሁን። የደሴ ብርድ ሰውን ሹራብና ጃኬት ደራርቦ ስለሚያስለብስ፣ ሰዎች እጅጌያቸውን ወደ ላይ ጠቅልለው ክንዳቸውን እንዳሰሩት፣ አንዳንዴም በልብሱ ላይ ሲለኩ አያለሁ። ጃኬቱን ማውለቅ የደቂቃ ሥራ ነው፤ በስህተት ቁጥር መድኃኒት መጀመር ወይም መዘናጋት ግን የዓመታት መዘዝ አለው። አንድ ጊዜ ከተለኩ በኋላ ጥቂት ቆይተው ሁለተኛ እንዲለኩዎትም ይጠይቁ።

ወደ እንቅስቃሴው ስመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲያደርጉ ይመክራል። መካከለኛ የሚባለው እየተራመዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ የሚያሳጥርበት ፍጥነት ነው። 150 ደቂቃ በ5 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 30 ደቂቃ፣ ማለትም ጠዋት 15 ማታ 15 ደቂቃ ይሆናል። ቀድሞ እንቅስቃሴው ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መቆየት አለበት ይባል ነበር፤ አሁን ግን ያ ቀርቷል፣ አጫጭሩም ተደምሮ ይቆጠራል። ስለዚህ ከየትኛው ልጀምር ላሉት መልሴ ከባጃጁ ነው። ሙሉውን መንገድ በእግር መሄድ ባይቻልዎ እንኳ ከመሥሪያ ቤትዎ ቀደም ብለው ይውረዱ፣ ማታም ጥቂት ተራምደው ይሳፈሩ። ሥራ መሄድዎ አይቀርምና፣ ከሥራ ጉዞ ጋር የተያያዘ እርምጃ ለብቻው ሰዓት እንደሚፈልግ ስፖርት በቀላሉ አይቋረጥም።

መልስ፦ የወልድያ እናት

ሰላም ለእርስዎና ለቤተሰብዎ። ነርሷ ስለ እግር መንገዱ የተናገረችውን እኔ ስለ ማጀቱ ልቀጥል። ሁለት ድስት መጣድ አያስፈልግም፤ የሚቀነሰው የቤቱ ሁሉ ጨው ነው። ለእርስዎ ብቻ የተለየ ወጥ ከተሠራ እርስዎ በማዕዱ ላይ እንደ እንግዳ ይሆናሉ፣ ልጆቹም ያንኑ ጨዋማ ጣዕም ይዘው ያድጋሉ፤ እናትዎም ቢሆኑ በዚህ ዕድሜያቸው የጨው መቀነስ ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳቸውም።

ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው ጨው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም ከሁሉም ምግብ ተደምሮ ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይበልጥ ማለት ነው። አብዛኛው ባለቤት ወጡ ላይ የምትነሰንሰውን ብቻ ስለምታስብ እኔ ቤት ጨው አይበዛም ትላለች። ነገር ግን በርበሬው እንዴት እንደሚዘጋጅ ልብ እንበል። ዛላው ተቀንጥሶና ታጥቦ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በበሶብላ ተደልዞ ከደረቀ በኋላ ከኮረሪማው፣ ከነጭና ከጥቁር አዝሙዱ ጋር ወደ ወፍጮ ሲሄድ ጨውም አብሮ ይገባበታል። ሽሮው ሲመጠን ያው ጨው ያለበት በርበሬ ይጨመርበታል፣ ብዙ ቤትም ለብቻው ደግሞ ጨው ይደረግበታል። ከዚያ ወጡ ሊወጣ ሲል ተቀምሶ እንደገና ይነሰነሳል፤ ዳጣውና አዋዜውም ከጎን ይቀርባል፤ ከሱቅ የሚገዛው የታሸገ የወጥ ማጣፈጫም አብዛኛው ጨው ነው። ወጡ ላይ ስንደርስ ስንት ጨው እንደገባ ማንም አያውቀውም።

ስለዚህ ለባለቤትዎ በአክብሮት የምመክራቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ሽሮ ሲያስፈጩ ጨው ሳይገባበት ያስፈጩት ነው። ያኔ ጨው የሚገባበት በር አንድ ወጡ ብቻ ስለሚሆን መጠኑ በእጃቸው ይሆናል። የተፈጨው ካላለቀ ደግሞ ወጡ ላይ የሚነሰነሰውን ጥቂት በጥቂት ይቀንሱ፤ በአንድ ቀን ከግማሽ በታች ቢያወርዱት ቤተሰቡ ሁሉ አልጫ ሆነ ብሎ ያምፃል፣ ቀስ ብለው ሲወርዱ ግን ምላስ በጥቂት ሳምንታት ይለምደዋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ሎሚና ቃሪያ ጠንከር ካለ የጨው ማነስ ብዙ አይታወቅም። ጨውን መጨረሻ ላይ፣ ድስቱ ሊወርድ ሲል መጨመርም ጥቅሙ ሁለት ነው፤ በትንሹ ይጣፍጣል፣ በውስጡ ያለው አዮዲንም በእሳት ብዙ አይባክንም። በዚህ አጋጣሚ ላሳስብ የምፈልገው፣ ጨው ይቀነስ ሲባል አዮዲን ወደሌለው የድንጋይ ጨው መዞር ማለት አይደለም። እንቅርት ለደጋው ሰው የኖረ ችግር ስለሆነ የምንጠቀመው ጨው ትንሽም ቢሆን አዮዲን የገባበት፣ ዕቃውም የሚከደን ይሁን።

ዘይትን በሚመለከት፣ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት እያማሰሉ፣ ሲይዝም ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ማቁላላት እናቶቻችን የሚያውቁት ዘዴ ነው። በደንብ የበሰለ ሽንኩርት ራሱ ለወጡ አካል ስለሚሰጠው ዘይቱ መጨረሻ ላይ በጥቂቱ ቢገባ ይበቃል። በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ አቅም ከፈቀደ ፈሳሹ የኑግ፣ የሱፍ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ይሻላል፤ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ ያለውን መጠን መቀነስ ማንም የሚችለው ነው።

በትሪው ላይ አንድ ለውጥ ቢደረግ ብዬ የማስበው ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቀይ ሥር ወይም ካሮት ከወጡ ጎን በየቀኑ እንዲቀርብና ድርሻው እንዲሰፋ ነው። አሁን በአብዛኛው ቤት አትክልት ለጌጥ ያህል ጥግ ላይ ጠብ ይደረጋል። ክብደት የሚጨምረው ወጡ ብቻ ሳይሆን ወጡን ተከትሎ የሚታጠፈው እንጀራ ስለሆነ፣ አትክልቱ ሲበዛ እንጀራው ሳይከለከል በራሱ ይቀንሳል። ለመክሰስም ከብስኩት ይልቅ የደጋው ገብስ አለልዎ፤ ጨው ያልተነሰነሰበት የገብስ ቆሎ ወይም ስኳር ያልገባበት በሶ ያጠግባል፣ በገብስ ውስጥ ያለው የሚሟሟ አሰርም ኮሌስትሮልን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል።

መልስ፦ መንገደኛ ከመካነ ሰላም

እኔ የምለው አጭር ነው። አባቶቻችን ጾምን ያዘዙልን ለነፍስም ለሥጋም ነውና ጾሞቹን በሥርዓት የጾመ ሰው ሌላ ምክር ብዙም አያስፈልገው ይመስለኛል። በተረፈ ጠዋት በባዶ ሆድ ነጭ ሽንኩርት በሎሚ መጠጣት ግፊትን እንደሚያወርድ በአካባቢያችን ብዙ ሰው ይመሰክራል። ይሞክሩት።

መልስ፦ የወልድያ እናት

ወንድሜ፣ የጾምን ክብር እኔም እንደ እርስዎ እጠብቃለሁ። የጾም ማዕድ ከሚጠቅሙን ነገሮች አንዱ ምስሩ፣ ሽሮውና ክኩ ናቸው፤ እህል የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት ጥራጥሬው ስለሚሞላው እንጀራ በምስር ወጥ ለድሃም ለሀብታምም በፕሮቲን የተሟላ ምግብ ነው። ነገር ግን የጾም ምግብ ሁሉ ቀላል አይደለም። ቅቤው ስለቀረ ዘይቱ እጥፍ የሚሆንበት፣ ጠዋት ያልተበላው ከ9 ሰዓት በኋላ በአንድ ጊዜ የሚካካስበት፣ በዘይት የተጠበሰ ብስኩትና ሳምቡሳ የሚበዛበት ቤት ጥቂት አይደለም። የነፍሱ ዋጋ በእግዚአብሔር ዘንድ ነው፤ ለሥጋው ግን በምን እንደምንፈታው ወሳኝ ነው። በረመዳንም ጎረቤቶቻችን በቴምርና በውሃ አፍጥረው፣ ጥቂት ቆይተው ሾርባውንና ምግቡን ሲያስከትሉ፣ ከበድ ባለ ጥብስና በለስላሳ መጠጥ ከሚጀምሩት ይልቅ ሰውነታቸው ቀለል እንደሚላቸው ራሳቸው ያጫውቱኛል።

መልስ፦ ነርስ ከኮምቦልቻ

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ አንድ ነገር ልጨምር። በምግብ ውስጥ ቢበዛ መልካም ነው፣ በተለይ ጨው ሲቀነስ ጣዕሙን ይክሳል። ለደም ግፊት የታዘዘ መድኃኒትን ግን አይተካም። ደም ግፊት በአብዛኛው ሕመም ስለማይሰማበት፣ ሰው ሽንኩርቱን ጠጥቶ ራሱን ስላላመመው ብቻ ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ይተዋል፤ ግፊቱ ግን በዝምታ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎል የደም ሥሮችን መጉዳቱን ይቀጥላል። መድኃኒት የሚወስድ ጿሚም ክኒኑን በራሱ ፈቃድ ከማቋረጥ ይልቅ ሰዓቱ እንዲስተካከልለት ሐኪሙን ቀድሞ ይጠይቅ፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ጾም ከመያዙ በፊት ይህን ማድረግ ግዴታው ነው።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የስፖርት መምህር (ሐይቅ)

ወንድሜ ሆይ፣ ዳገታማ ናት ብለህ ያማረርክባት ከተማ ለጤናህ የተመቸች መሆኗን ልንገርህ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ስለሆነች ለልብና ለሳምባ የሚሆን ዳገት ከደጅህ ይጀምራል። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ትንፋሹን ለማፍጠን መሮጥ ሲኖርበት፣ አንተ በዝግታ ዳገት ብትወጣ ያንኑ ታገኛለህ። ከዝቅተኛው አካባቢ፣ ለምሳሌ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የሚመጣ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቢደክመው አይደንግጥ፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ነው።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው በአጀማመሩ ነው። ለዓመታት ወንበር ላይ የኖረ ሰው አንድ ጠዋት ተነሥቶ ጦሳን ልውጣ ካለ በማግሥቱ ጉልበቱ ተሳስሮ ይተኛና ስፖርት አይስማማኝም ብሎ ይደመድማል። በመጀመሪያው ወር በሸለቆው ውስጥ በሚያልፈው ዋናው መንገድ ተራመድ፤ ወደ ተራራው ጥግ የሚወጡትን የሰፈር መንገዶች ቀስ በቀስ ጨምራቸው። ዳገት ስትወጣ እርምጃህን አሳጥር፣ ጫፍ ጫፉን ሳይሆን ሙሉ እግርህን አስረግጥ፣ ማውራት ካቃተህ ፍጥነትህን ቀንስ። ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው ቁልቁለቱ መሆኑን ነው፤ ስትወርድ የሰውነትህ ክብደት በየእርምጃው በጉልበትህ ላይ ያርፋልና ጉልበትህን በትንሹ አጠፍ አድርገህ፣ አጫጭር እየተራመድክ፣ መንገዱ ሰፊ ከሆነም ገደድ እያልክ ውረድ። በክረምቱ ጭቃ የሶሉ ጥርስ ያለቀ ጫማ አታድርግ። በጥቅምትና በኅዳር ብርድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስትወጣ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች በዝግታ ሂድ፤ ግፊት ያለበት ሰው ከብርድ ልብስ ወጥቶ ወዲያው ሩጫ መጀመር የለበትም። ደረትህን የሚጨንቅህ፣ የሚያዞርህ ወይም ወደ ግራ ክንድህና መንጋጋህ የሚሄድ ሕመም ከተሰማህ ግን ቁም፤ ያ የድካም ምልክት ሳይሆን ሐኪም የሚያየው ነገር ነው።

ጡንቻን ለማጠንከርም ብረት መግዛት አያስፈልግህም። መሥሪያ ቤት ከወንበርህ እጅህን ሳትደገፍ ደጋግመህ ተነሥተህ ተቀመጥ፤ ሲደክምህ አርፈህ ቀጥል። ግድግዳ ላይ እጅህን አስደግፈህ ደረትህን ወደ ግድግዳው አስጠግተህ መልስ። ደረጃ ላይ ቆመህ ተረከዝህን ከፍ ዝቅ አድርግ። ቀኑን ሙሉ ደብተርና ኮምፒዩተር ላይ ለምታቀረቅር ሰው ደግሞ በየሰዓቱ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ደቂቃ መንቀሳቀስ ራሱን የቻለ ልማድ ነው፤ ተላላኪ ከመጥራት ፋይሉን ራስህ ሄደህ አምጣው። በነገራችን ላይ ክርስቲያኑ በስግደት፣ ሙስሊሙ በየዕለቱ ሶላት ወገቡን ማጠፍና ጉልበቱን መዘርጋት የለመደ ሕዝብ ነን። ለአምልኮ የሚደረገውን ወደ ስፖርት ላወርደው አልፈልግም፤ ይሁንና በስተርጅናም ያለማንም ድጋፍ ከመሬት ተነሥተው የሚቆሙ አባቶችንና እናቶችን ባየሁ ቁጥር ዕድሜ ልክ የተደጋገመ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚያጸና አስተውላለሁ።

እሑድ ልጆችህን ይዘህ ውጣ። ቤተሰቡ አብሮ የሚያደርገው ነገር ይዘልቃል፤ አንተ ብትሰንፍ ልጅህ ጫማህን ይዞ ይጠብቅሃል።

መልስ፦ ከሸዋበር

ወንድሜ አብሽር፣ አላህ ዓፊያህን ይስጥህ። በጥያቄህ ላይ አልተነሣም፣ እስካሁን መልስ የሰጡትም አላነሡትም፤ ነገር ግን በወሎ ስለ ደም ግፊት ተወርቶ ጫት ካልተነሣ ነገሩ ጎዶሎ ነው። አንተ የማትቅም ከሆነ ይህ ለሌላው አንባቢ ይሁን። ለዱዓ መሰባሰቡን፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ ምርቃት መቀበሉን የማከብር ሰው ነኝ። ቅጠሉ ግን የልብን ምትና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ የታወቀ ነው፤ ከምሳ በኋላ የተቀመጠ ሰው እስከ ማታ አይነሣም፣ በመካከሉ ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ይደጋገማል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋና እራቱን አምሽቶ ይበላል፣ ሌሊትም እንቅልፍ ይሸሸዋል። ለአዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ እንቅልፍ በተከታታይ ሲጎድል ግፊቱም ክብደቱም አብሮ ይጨምራል። በአንድ ጊዜ ማቆም የከበደው ሰው ቢያንስ የሥራ ቀናቱን ነጻ ያድርግ፣ ሲቀመጥም ውሃ ይጠጣ፣ ልቡ ሲመታ የሚሰማው ወይም ግፊት አለብህ የተባለ ሰው ግን ፈጽሞ ቢተወው ይመረጣል። ይህን የምለው ወዳጆቼ በወጣትነታቸው ሲታመሙ እያየሁ ዝም ማለት ስለከበደኝ ነው።

አስተያየት፦ የሆጤ ነዋሪ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ በርበሬው ሊያልቅ ስለተቃረበ የሚቀጥለውን ያለ ጨው ለማስፈጨት ተስማምታለች፣ ባጃጁንም ከፒያሳ ጀምሮ ትቼዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ይቀሩኛል። አንደኛው የቡናው ጉዳይ ነው፤ ቡና ራሱ ለግፊት ክልክል ነው ወይ? ሁለተኛው ስለ እናቴ ነው። ከ70 ዓመት በላይ ናት፣ የግፊት ክኒን ትወስዳለች፣ ጉልበቷን ስለሚያማት አብዛኛውን ቀን ከሰል ከተያያዘበት ክፍል አትወጣም። መራመድ ይጎዳታል ብለን ከተቀመጠችበት እንዳትነሣ ሁሉን ነገር እናቀርብላታለን። ልክ ነን?

መልስ፦ ነርስ ከኮምቦልቻ

ቡና ክልክል አይደለም። ከጠጡት በኋላ ግፊትን ለጥቂት ሰዓት ከፍ ሊያደርግ ይችላል፣ ለዚህም ነው ከልኬት በፊት አይጠጡ ያልኩት፤ በልክ የሚጠጣ የለመደ ሰው ግን ከጎረቤት ቡና የሚቀርበት ምክንያት የለም። መታየት ያለበት አብሮት የሚገባው ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሆነ፣ በየሲኒው አንድ ማንኪያ የሚያደርግ ሰው አቦል፣ ቶናና በረካ ሲል 12 ግራም ወስዷል፤ ጠዋትና ማታ ቡና ካለ እጥፍ ነው፣ የሻዩም ገና አልተቆጠረም። አንድ ጠርሙስ ኮላ ደግሞ ብቻውን ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ዓለም አቀፉ ምክር በቀን ከ50 ግራም እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ነው። ስለዚህ ስኳሩን ከማንኪያ ወደ ግማሽ፣ ከግማሽ ወደ ምንም ያውርዱት። በገጠሩ እንደሚደረገው ቡናን በጨው የሚጠጡ ከሆነም ያ ጨው ከቀኑ መጠን ላይ ይታሰባል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ያለው ቡና እንቅልፍ የሚነሣ ከሆነ ሲኒውን ተቀብሎ ከመጫወት ሌላ መጠጣት ግዴታ አይደለም፤ ጎረቤት የሚፈልገው መገኘትዎን ነው።

ስለ እናትዎ ግን በፍቅር ያደረጋችሁት መሆኑን እያወቅሁ፣ ልክ አይደላችሁም እላለሁ። በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የጉልበት ሕመም በመቀመጥ ይብሳል፤ ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ካልተሠራበት ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ወንበር ላይ ተቀምጠው አንዱን እግር ወደ ፊት ዘርግተው ጥቂት አቆይተው እንዲመልሱ፣ ከዚያም ሌላውን እንዲያደርጉ ያድርጉ። ከዱካ ይልቅ ከፍ ያለ ወንበር ይሁንላቸው። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ምርኩዛቸውን ይዘው ከግቢ እስከ በር፣ ቀጥሎም እስከ ጎረቤት ይራመዱ። ሽንኩርት መላጥ፣ ምስር መልቀም የመሳሰለውን የቤት ሥራ አትንጠቋቸው። የግፊት ክኒን የሚወስድ አረጋዊ ከመኝታው ብድግ ሲል ሊያዞረው ስለሚችል መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ተቀምጠው ከዚያ ይነሡ። ልኬታቸው ጥሩ ሲሆን ክኒኑን እንዳያቆሙ፤ ጥሩ የሆነው በክኒኑ ነው።

ከሰሉን በጣም አደራ እላለሁ። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታና ቀለም የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ ብርዱን ፈርቶ በርና መስኮት መዝጋት ለሞት ይዳርጋል። ውጭ ተቀጣጥሎ በደንብ ከፋመ በኋላ ማስገባቱም አደጋውን አያስቀርም። ክፍሉ አየር ይኑረው፣ ማታም ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ወደ ውጭ ይውጣ፤ ለብርዱ ጋቢና ሹራብ ይደረብላቸው።

የአባትዎን ነገር ስላነሡ የመጨረሻውን ልናገር። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ወገን ሲንሻፈፍ፣ አንድ ክንዱ ወይም እግሩ በድንገት ሲዝል፣ ወይም ንግግሩ ሲጎተትና ቃል ሲጠፋበት ስትሮክ ሊሆን ይችላልና እስኪያልፍለት አይጠበቅም፤ ውሃም ምግብም ሳይሰጠው፣ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት ተይዞ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይወሰድ። ይህን በቤት ውስጥ ልጆቹም ጭምር እንዲያውቁት አድርጉ። በቀጠሮዎ ዕለት ደግሞ እናትዎን ከነክኒናቸው ይዘዋቸው ይሂዱ፤ የሁለታችሁም ግፊት በዚያው ይለካል።